በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ምርጫውና አጎራረሱ

(ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጠመንጃ ነው። ነገር ግን ስለ ጦርነት አይደለም፤ ስለ አደን ነው። ያውም በአገራችን ስለሚደረግ አደን አይደለም። በአሜሪካ አገር ወጣቶች ከታላላቆቻቸው ጋር ሆነው አጋዘን ስለሚያድኑበት ጠመንጃ ነው። በአገራችን የዱር አራዊት በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ይህን አስቀድመን እንያዝ።

«ታዲያ የአሜሪካ አደን ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖች አሉን። ልጆቻቸው እዚያው ተወልደው እዚያው ያድጋሉ። የመኸር ወራት ሲመጣ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ወደ ጫካ ሲወጡ ያያሉ። አንድ ቀን ልጁ ወይም ልጅቱ መጥታ «አባዬ፣ እኔም አብሬያቸው ልሂድ?» ትላለች። ያን ጊዜ ወላጅ እሺም እምቢም ከማለቱ በፊት ነገሩን ማወቅ አለበት።

ሌላም ምክንያት አለን። በዚህ ጠመንጃ ላይ አንዲት ቃል ማንበብ አለመቻል ጣት ታስቆርጣለች፤ ዓይን ታጠፋለች። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብለን እናያለን።

ምን ዓይነት ጠመንጃ ነው?

ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጠመንጃ ጥይቱን ከኋላ ይጎርሳል። ጥይቱ በፋብሪካ ተሠርቶ ያለቀ ነው። እርሳሱ፣ ባሩዱና እሳት ሰጪው በአንድ ቀለህ ውስጥ ታሽገዋል። ልኩን የለካው ፋብሪካው ነው።

በአፉ የሚጎርሰው ጠመንጃ ግን ከዚህ ይለያል። እስቲ ጀበናን አስቡ። ውሃውም ቡናውም የሚገባው በአፉ ነው፤ በአንዳንዱ ጀበና ሲቀዳም የሚወጣው በዚያው በአፉ ነው። ይህም ጠመንጃ እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያ ባሩድ በአፈሙዙ ይጨመራል። ቀጥሎ የእርሳስ ዓረር ይገባል። ዓረሩ በዘንግ ተገፍቶ ባሩዱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይወርዳል። በመጨረሻ ከኋላ በኩል እሳት ይሰጠዋል። ባሩዱ ይቃጠላል፤ ጋዙ ዓረሩን ገፍቶ በአፈሙዙ ያወጣዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ! እዚህ ላይ ልኩን የሚለካ ፋብሪካ የለም። የሚለካው የሰው እጅ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚጠብቀውም የሰው ልብ ነው። ይህ ጠመንጃ የሰጡትን ሁሉ ይጎርሳል። «ይህ በዝቷል»፣ «ይህ የእኔ አይደለም» አይልም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከየት መጣ?

ይህ ጠመንጃ የቆየ ነው። በ1700ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጀርመን አገር የሄዱ አንጥረኞች በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ረጅም የአደን ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። በቧንቧው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ቀረጹበት። ዓረሩ በቦዩ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ አቅጣጫውን አይስትም።

በዚያ ዘመን እሳት የሚሰጠው ባልጩት ነበር። ባልጩቱ ብረት ላይ ሲመታ ብልጭታ ይወጣል። ብልጭታው በትንሽ የብረት ሳህን ላይ ያለውን ጥቂት ባሩድ ያቀጣጥላል። ያ እሳት በቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያነሣዋል። በ1807 ደግሞ አሌክሳንደር ፎርሳይት የተባለ የስኮትላንድ ቄስ በምት የሚቀጣጠል እሳት ሰጪ ለመሥራት የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ካፕሱል የሚባለው ትንሽ የመዳብ ቆብ መጣ። ካፕሱል ሲመታ እሳት ይተፋል። ዝናብና ነፋስ እንደ ባልጩቱ አያስቸግሩትም።

በእኛም አገር ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ የታወቀ ነበር። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አብዛኛው የንጉሡ ነፍጠኛ የያዘው በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖልም የሚጎርሰው በአፉ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። እንግሊዞች የያዙት ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበር። አባቶቻችን ስናድር ብለውታል። ስናድር የያዘ ወታደር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 10 ጊዜ ያህል መተኮስ ይችላል። በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን፣ ጎበዝ ቢሆን፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጠመንጃው አጎራረስ ግን ዘገየ። ብዙ የኢትዮጵያ ሰው በዚያ ቀን አለቀ።

ታዲያ ያ ዝግተኛ ጠመንጃ ዛሬ ለምን ይፈለጋል? መልሱ በዝግታው ውስጥ ነው። በጦር ሜዳ መዘግየት ጉዳት ነው። በአደን ግን መዘግየት ያስተምራል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩስ ሰው አስቦ ይተኩሳል። ደግሞም በአሜሪካ ብዙ ክፍላተ ግዛት በዚህ ጠመንጃ ለሚያድኑ ሰዎች የተለየ የአደን ወቅት ይሰጣሉ። ፔንሲልቫኒያ የባልጩት ጠመንጃ ወቅትን የጀመረው በ1974 ነው። ቶኒ ናይት የተባለ የሚዙሪ ሰው ደግሞ በ1985 አዲስ ዓይነት አወጣ። በዚህኛው ካፕሱሉ ከባሩዱ በስተኋላ በቀጥታ መስመር ይቀመጣል። ስለዚህ እሳቱ ሳይጣመም ባሩዱን ያገኘዋል።

ለወጣት እንዴት ይመረጣል?

አንደኛ፣ ሕጉን ጠይቁ። የአሜሪካ ሕግ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። ስንት ዓመት የሞላው ወጣት ማደን ይችላል? አብሮት የሚሄደው አዋቂ ማን ነው? የትኛው የእሳት አሰጣጥ ይፈቀዳል? የዓረሩ ስፋት ከስንት ማነስ የለበትም? ይህን ሁሉ የሚመልስ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት በየክፍለ ግዛቱ አለ። የአዳኝነት ትምህርትም አለ። ይህን ትምህርት በግዴታ ያስጀመረው ኒውዮርክ ነው፤ ጊዜውም 1949 ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ ወጣቱ ይህን ትምህርት ሳይጨርስ ብቻውን የአደን ፈቃድ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ጠመንጃው ለልጁ አካል ልክ ይሁን። ጫማ ሲገዛ እግር ይለካል፤ ጠመንጃ ሲገዛ ክንድ ይለካል። ልጁ ክንዱን በክርኑ ይጠፈው። ሰደፉን ክርኑ እጥፋት ላይ አድርጉ። ጣቱ ሳይንጠራራ ቃታው ጋ ይደርሳል? ከደረሰ ልክ ነው። ካልደረሰ ጠመንጃው ረዝሞበታል። የአዋቂ ጠመንጃ ከሰደፉ ጫፍ እስከ ቃታው ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለወጣት የሚሠራው ከዚህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያጥራል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን ተመልከቱ። ልጁ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ አንድ ደቂቃ ይያዘው። አፈሙዙ ከተንቀጠቀጠና ወደ ታች ካዘነበለ ከብዶበታል ማለት ነው። እጅግ የቀለለ ጠመንጃ ግን ሲተኮስ ይራገጣል፤ ትከሻ ያማል። ትከሻው አንድ ጊዜ የታመመ ልጅ ሁለተኛ ሲተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን የጨፈነ ደግሞ አጋዘኑን ያቆስላል እንጂ አይገድልም። ስለዚህ መካከለኛውን ምረጡ።

አራተኛ፣ የቧንቧውን ስፋት ዕወቁ። አሜሪካኖች ስፋቱን በኢንች ይለካሉ። «50» የሚባለው ግማሽ ኢንች ነው፤ ይኸውም 12.7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «45» የሚባለው 11.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለአጋዘን አደን እጅግ የተለመደው 50 ነው። ለዚህ ስፋት ባሩዱም ዓረሩም በየሱቁ ይገኛል።

አምስተኛ፣ እሳት አሰጣጡን ምረጡ። ባልጩት ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። ለጀማሪ ካፕሱል ያለው ይቀላል። ከቀጥታዎቹ አንዳንዶቹ የቧንቧቸው የኋላ ክዳን ይፈታል። ይህ ለወጣት ጥሩ ነው፤ ባሩዱን ሳይተኩሱ ከኋላ ማውጣት ይቻላል፤ ማጠቡም ይቀላል።

ስድስተኛ፣ አሮጌ ጠመንጃ ሲሆን ተጠንቀቁ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ የአያት ጠመንጃ ያምራል፤ ግን ውስጡ በዝገት ተበልቶ ይሆናል። የጠመንጃ ሠራተኛ ሳያየው አይተኮስበት። ለጌጥ ተብሎ የተሠራም አለ፤ እሱማ ጭራሽ አይተኮስም።

ባሩዱን በስሙ እንጂ በመልኩ አትመኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም።

በአፉ ለሚጎርስ ጠመንጃ የሚሆነው ጥቁር ባሩድ ይባላል። የሚሠራው ከከሰል፣ ከድኝና ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባል ጨው ነው። ሲተኮስ ብዙ ነጭ ጭስ ያወጣል። በጥቁር ባሩድ ምትክ የተሠሩ ሌሎች ባሩዶችም አሉ፤ እነሱም ለዚህ ጠመንጃ የሚሆኑ ናቸው። ሌላው ግን ጭስ አልባ ባሩድ ይባላል። ይህ በዛሬ ጥይቶች ቀለህ ውስጥ የሚገባው ነው። ኃይሉ እጅግ የበረታ ነው። በአፉ በሚጎርስ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ቧንቧው ይፈነዳል። ፍንዳታው የተኳሹን ጣት፣ ዓይን፣ አንዳንዴም ነፍስ ይወስዳል።

«ታዲያ በመልኩ አንለየውም ወይ?» አትለዩትም! ጭስ አልባው ባሩድ ራሱ ጠቆር ያለ ነው። ሁለቱም እንደ ኑግ ፍሬ ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ዓይን ሊሳሳት ይችላል። የማይሳሳተው ፊደሉ ነው። በብዙ ጠመንጃዎች ቧንቧ ላይ በእንግሊዝኛ «ብላክ ፓውደር ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። «ጥቁር ባሩድ ብቻ» ማለት ነው። በባሩዱ ቆርቆሮ ላይም ስሙ ይጻፋል። የቆርቆሮው ጽሑፍና የቧንቧው ጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ለጭስ አልባ ባሩድ ተብለው የተሠሩ ጥቂት ጠመንጃዎች አሉ፤ ነገር ግን ሠሪው ራሱ በግልጽ ካልጻፈ በስተቀር የእናንተ ከእነሱ አንዱ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እንላለን።

ባሩድ ከመጣበት ቆርቆሮ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። ስሙ የጠፋ ባሩድ ባሩድ አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

ሁለት ዓይነት ባሩድ አትቀላቅሉ።

በጠመንጃው መሸጫ የሚሰጠውን የሠሪውን መጽሐፍ አትጣሉ። ስንት ባሩድ እንደሚጎርስ የሚናገረው እሱ ነው። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ልጅ ከሆነ ልጁ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ደግሞ በአማርኛ ጻፉት። አባትና ልጅ እንዲህ ሲረዳዱ ያምራል።

ጥቁር ባሩድ በፍሬው ትልቅነት ይለያያል። ይህንንም በ«ኤፍ» ፊደል ቁጥር ይጽፉታል። ሁለት ኤፍ ያለው ፍሬው ተለቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ50 የሚሆነው ይህ ነው። ሦስት ኤፍ ያለው ደቀቅ ይላል፤ ለጠባብ ቧንቧ ይሆናል። አራት ኤፍ ያለው የላመ ነው፤ በባልጩት ጠመንጃ ሳህን ላይ ብቻ ይደረጋል። አያችሁ? እዚህም ፊደል መቁጠር ያስፈልጋል።

እንዴት ይጎርሳል?

የባሩድ መለኪያው ግሬን ይባላል። አንድ ግራም ወደ 15 ግሬን ተኩል ያህል ነው። ለወጣት ብዙ ጊዜ በ50 ጠመንጃ ከ50 እስከ 70 ግሬን ባሩድ ከክብ ዓረር ጋር ይበቃል። 60 ግሬን ወደ 4 ግራም ያህል ነው። የመጨረሻው ቃል ግን የሠሪው መጽሐፍ ነው፤ ከዚያ አትለፉ። ባሩዱ የሚለካው በስፍር ነው እንጂ በሚዛን አይደለም። ጤፍ በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ፣ ምልክት ባላት ትንሽ ስፍር ይሰፈራል። ምትክ ባሩዶች ከጥቁሩ ይቀላሉና በሚዛን የሚለካ ሰው ሳያውቅ ያበዛል።

አሁን አጎራረሱን በቅደም ተከተል እንይ።

በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ዓይናችሁን አፈሙዙ ላይ አድርጋችሁ እንዳታዩ! አፋችሁንም አድርጋችሁ እንዳትነፉ! ዘንጉን ወደ ውስጥ ስደዱት። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት ይደረጋል። አንዱ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ዘንጉ የሚደርስበት ነው፤ ሁለተኛው ሲጎርስ የሚደርስበት ነው። ዘንጉ እስከ ባዶው ምልክት ከገባ ጠመንጃው ባዶ ነው። ይህች ምልክት የጠመንጃው ፊደል ናት። ማንበብ የሚችል ሰው አይታለልም።

ቀጥሎ የቧንቧውን ቅባት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ካፕሱል ላለው ጠመንጃ አንድ ሁለት ካፕሱል ባዶውን ይተኮስ። አፈሙዙን ወደ ሣር አድርጉ። ሣሩ ከተነቃነቀ የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው።

ሦስተኛ፣ ጠመንጃውን በሰደፉ አቁሙት። አፈሙዙ ከፊትና ከሆድ ይራቅ። ባሩዱን ከቆርቆሮው ወደ ስፍሯ ቅዱ። ቆርቆሮውን ክደኑና አርቁት። ከዚያ ከስፍሯ ወደ ቧንቧው ጨምሩ። ከቆርቆሮው በቀጥታ ወደ ቧንቧው መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው። ለምን? በቧንቧው ውስጥ ከቀድሞው ተኩስ የቀረ ፍም ሊኖር ይችላል። በስፍር ያለው ቢነሣ እጅ ያቃጥላል። ቆርቆሮው ቢነሣ ግን ቦምብ ነው። በዚህ ሥራ አጠገብ ሲጋራም እሳትም አይኑር።

አራተኛ፣ ቅባት የተቀባ ትንሽ ጨርቅ አፈሙዙ ላይ አንጥፉ። ክቡን ዓረር ላዩ ላይ አስቀምጡና በአጭር መግፊያ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በዘንጉ ግፉት። ዘንጉን ከላይ ጫፉ አትያዙ፤ ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላችሁ ያዙና ጥቂት በጥቂት ግፉ። ዘንግ ቢሰበር እጅ ይወጋል። ዓረሩ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይውረድ። በዓረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ ቧንቧው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። የደረሰ መሆኑን ሁለተኛው ምልክት ይነግራችኋል።

አምስተኛ፣ ዘንጉን አውጡና ቦታው መልሱ። በውስጡ ረስቶ የሚተኩስ ሰው አለ።

ስድስተኛና የመጨረሻው ካፕሱሉን ማድረግ ነው። ይህ የሚደረገው በማደኛው ቦታ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ደህና አቅጣጫ ዞሮ ነው። በመንገድ፣ በመኪና ወይም በቤት ውስጥ አይደረግም። አጥር ሲዘለል ካፕሱሉ ይወጣል። ዛፍ ላይ ወደተሠራ ማማ ሲወጣም እንዲሁ፤ ሰውየው አስቀድሞ ይወጣል፤ ጠመንጃው ካፕሱል ሳይኖረው በገመድ ይሳባል። ቢሆንም ባሩድና ዓረር የጎረሰ ጠመንጃ ሁልጊዜ እንደሚተኩስ ይቆጠር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ባሩድ ሲሆን ደግሞ ያፈሰሱትን መልቀም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሲያጎርሱ ወሬ አያስፈልግም። ወሬ ሲበዛ ሁለት ጊዜ ባሩድ ይጨመራል፤ ወይም ባሩዱ ይረሳና ዓረሩ ብቻ ይገባል። ዓረር ብቻውን ከገባ ልጁ እንዳይጎትት፣ እንዳይመታ፤ አዋቂውን ይጥራ።

አልተኩስ ቢልስ?

ቃታው ተሳበ፤ ካፕሱሉ ጮኸ፤ ጠመንጃው ግን ዝም አለ። ያን ጊዜ ልጁ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው ወዲያው አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ ይመለከታል። ይህ ሞት ነው። እሳቱ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙ ወደ ደህናው አቅጣጫ እንደዞረ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጠበቅ። ከዚያ አዲስ ካፕሱል ይደረግና እንደገና ይሞከር። አሁንም እምቢ ካለ ሥራው የአዋቂው ነው።

አጋዘኑ ሲመጣ

የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ከእኛው አጋዘን የተለየ ወገን ነው። የእኛው አጋዘን ቀንዱ አይረግፍም። የዚያኛው ወንድ ግን ቀንዱ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። በ1900 ገደማ ያለ ልክ ስለታደነ እጅግ ተመናምኖ ነበር። በሕግና በጥበቃ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሆኗል። ከ1937 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ በጠመንጃና በጥይት ሽያጭ ላይ የሚገኘው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ሕግ አለ።

ክብ ዓረር ሩቅ አይሄድም፤ ከሄደም ኃይሉን ይጨርሳል። ለወጣት ከ50 እስከ 70 ሜትር ይበቃል። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ይቁም። ዒላማው ከፊት እግሩ ጀርባ ልብና ሳንባው ያለበት ነው። እየሮጠ ከሆነ አይተኮስ። ከኋላው ሰው፣ ቤት ወይም መንገድ ካለ አይተኮስ። ከተጠራጠሩ አይተኮስ። ሳይተኩስ የተመለሰ ልጅ አልተሸነፈም። ያቆሰለውን አውሬ ጫካ ውስጥ ትቶ የመጣ ግን ሌሊቱን አይተኛም።

ከተኮሰ በኋላ ጭሱ ዓይን ይጋርዳል። ልጁ ይሮጥ ይሆናል። አይሩጥ! ይቁም፤ አጋዘኑ ወዴት እንደሄደ ያስታውስ። ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ያጉርስ። ከዚያ ከአዋቂው ጋር ሆኖ ደሙን ይከተል። በብዙ ክፍላተ ግዛት አዳኝ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ እንዲለብስ ይታዘዛል፤ ሌላው አዳኝ ከሩቅ እንዲያየው ነው። በልምምድ ጊዜ ደግሞ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ አይረሳ።

ሲመሽ

የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል። ያላጠቡት ቧንቧ ሳይውል ሳያድር ዝገት ይጀምረዋል። ስለዚህ በዚያው ምሽት፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባት ይቀባ። ባሩዱ በአንድ ቦታ፣ ካፕሱሉ በሌላ ቦታ፣ ጠመንጃው ደግሞ ተቆልፎ ይቀመጥ።

የማጎረሻ ካርድ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። እንዳይፈታ ቅደም ተከተሉ በጽሑፍ ይሁን። ይህን ካርድ በእጃችሁ ጻፉ። ልጁ አንዱን መስመር ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አዋቂው አይቶ «ሆኗል» ይበል። «ሆኗል» ሳይባል ወደሚቀጥለው አይታለፍ።

1. ባዶ ነው? ዘንጉ እስከ ባዶው ምልክት ገብቷል?
2. የባሩዱ ስምና የቧንቧው ጽሑፍ ተስማምተዋል?
3. ባሩዱ በስፍር ተሰፍሯል? ቆርቆሮው ተከድኖ ርቋል?
4. ባሩዱ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቷል?
5. ዓረሩ ባሩዱ ላይ ተቀምጧል? ዘንጉ እስከ ሁለተኛው ምልክት ደርሷል?
6. ዘንጉ ወጥቷል?
7. አፈሙዙ ወደ ደህና አቅጣጫ ዞሯል?
8. ካፕሱሉ አሁን ይደረግ።

ስምንት መስመር ነው። ትናንት ፊደል የቆጠረ ሰው ዛሬ ሊጽፈው ይችላል። ይህን ካርድ የጻፈ እጅ ልጁን ከአደጋ የጠበቀ እጅ ነው።

ለውይይት

ካነበባችሁ በኋላ በቡድን ሆናችሁ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ።

1. ባሩድን በመልኩ ብቻ መለየት የማይቻለው ለምንድን ነው?
2. በዘንጉ ላይ የሚደረጉት ሁለቱ ምልክቶች ምን ምን ይናገራሉ?
3. ባሩድ ከቆርቆሮው በቀጥታ ወደ ቧንቧው የማይጨመረው ለምንድን ነው?
4. ጠመንጃው አልተኩስ ቢል ስንት ደቂቃ ይጠበቃል?
5. በቤታችሁ ከመከፈቱ በፊት ስሙ መነበብ ያለበት ዕቃ ምን ምን አለ? መድኃኒት፣ የተባይ መርዝ፣ ሌላስ?

አምስተኛውን ጥያቄ በተለይ ቤታችሁ ገብታችሁ መልሱት። በሉ፣ በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ድረስ ደህና ሁኑ!